ባለቤቴ ልጅቷን የወሰደበት ምክንያት

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ኒምኮ ዐብዱላሂ ሳሃል
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ በታይዋን ገበያ የሴቶች ልብስ ነጋዴ
አድራሻ፦ ድሬዳዋ ከተማ፣ ደቻቱ አካባቢ፣ የቤት ቁጥር 417
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 7:30 ሰዓት ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን አብዲቃድር ቢሌ
ቃሉ የተሰጠበት ቋንቋ፦ አማርኛ፣ አልፎ አልፎ ሶማሊኛ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር ትናንት ማክሰኞ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 10:00 ሰዓት ገደማ በዚሁ ቢሮ ስለ ባለቤቴ አቶ ገዲ ሙመድ ተጠይቄ ቃሌን ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃሌ ባለቤቴ ጤነኛ ነው፣ ምንም ሕመም የለበትም፣ ሕፃን ሃሊሞን ከትምህርት ቤት በር ላይ የወሰዳትም ቤተሰቦቿን ስለሚያውቅ ሳይሆን አይቀርም ብያለሁ። ይህ ሐሰት ነው። ቤተሰቦቿን አያውቅም። ጤነኛም አይደለም። ዛሬ የመጣሁት ማንም አስገድዶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ የትናንቱን ቃሌን ለማረም ነው። ሐሰተኛ ቃል መስጠት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ሳጅኑ ነግሮኝ ተረድቻለሁ፤ የሚመጣብኝንም እቀበላለሁ።

ባለቤቴ ዕድሜው 66 ነው። ለሠላሳ አራት ዓመት ሾፌር ነበር። መጀመሪያ በአይሱዙ፣ በኋላ በትልቁ የጭነት መኪና ከድሬዳዋ በመልካ ጀብዱ አድርጎ እስከ ጅቡቲ ሲመላለስ ኖሯል። ከተጋባን ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኖናል። አንዲት ልጅ አለችን። ስሟ ፋርሂያ ነው፣ ዕድሜዋ 31 ነው፣ አግብታ ጅግጅጋ ትኖራለች። ፋርሂያ የተወለደችው መልካ ጀብዱ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት የኖርነውም እዚያው በኪራይ ቤት ነበር። ትምህርት የጀመረችው ግን ድሬዳዋ ስለሆነ ባለቤቴ ከመንገድ በተመለሰ ቀን ሁሉ ከትምህርት ቤቷ በር ላይ ተቀብሎ ጋቢና አስቀምጦ ያመጣት ነበር።

ባለቤቴ መርሳት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ውስጥ ነው። ከዚያ በፊትም ይሆናል፤ እኔ ያወቅሁት ግን ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በእግሩ ቤት መጣ። መኪናው የት አለ ስለው ኪሱን ዳበሰ፣ ቁልፍ አላገኘም። አልጋው ላይ ተቀመጠ። አብረን ወጥተን ስንፈልግ መኪናውን ከነጭነቱ መንገድ ዳር አገኘነው፤ ሞተሩ አልጠፋም ነበር። በዚያው ሳምንት ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ጉልበቱን አላመመውም። እኔም ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ጉልበቱን ነው አልኩ። ስለ እሱ የዋሸሁት የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሳጅኑ በዝርዝር ንገሪኝ ስላለኝ እናገራለሁ። መንገድ ላይ ስንሄድ ከእሱ ግማሽ እርምጃ እቀድም ነበር። የምናውቀው ሰው ሲመጣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አዴር ይሳቅ፣ ሰላም ነው?» እላለሁ። አዴር በእኛ ቋንቋ ታላቅ ሰውን የምንጠራበት ነው። ባለቤቴም ስሙን ከእኔ አፍ ይሰማና «ይሳቅ፣ ቤተሰብ ደኅና?» ይላል። ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም እንዲህ አደረግሁ። ሰዉ ኒምኮ እያረጀች ሄዳ ለፍላፊ ሆነች ይል እንደነበር ሰምቻለሁ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግዶ ከጨረሰ በኋላ ተነሥቶ ለዙህር እንደገና ውዱእ ሲታጠብም አየው ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ሰግደሃል እለው ነበር። ያን ጊዜ ፊቱ የሚሆነውን ሳይ ተውኩት። ሁለት ጊዜ ቢሰግድ ማንን ይጎዳል ብዬ ነው።

ባለፈው ኅዳር ወር ለጉልበትህ ነው ብዬ ወደ ሐኪም ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ በደንብ አናገረችው። ዓመተ ምሕረቱን ጠየቀችው፣ አልመለሰም። ሦስት ቃላት ነግራው ቆይታ ስትጠይቀው አንዱን ብቻ አስታወሰ። ከዚያ ወረቀት ሰጥታ ሰዓት ሳልልኝ አለችው። ክቡን አሳምሮ ሳለ። ቁጥሮቹን ግን ሁሉንም በአንድ ወገን ደረደራቸው። ወረቀቱን ራቅ አድርጎ አየውና «ይሄ ይገለብጣል» አለ። ጭነት ወደ አንድ ጎን ሲበዛ መኪና እንደሚገለብጠው ማለቱ ነው። ሐኪሟ የቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ሐኪሟ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ ሌላም ነገር እንዲህ ያደርጋል አለችን። ደሙ ተመረመረና ችግር አልተገኘበትም። የራስ ሲቲ ስካን እንዲነሣና ጥር 20 ቀን ተመልሰን እንድንመጣ ቀጠሮ ሰጠችን። የቀጠሮውን ካርድ ዛሬ ለሳጅኑ አሳይቻለሁ፤ ቅጂው ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ባለቤቴ እጄን ያዘ። መንገድ ላይ እጄን ይዞ አያውቅም። «ሰው ሁሉ ሲያከብረኝ ኖሯል፤ አሁን ሊያዝንልኝ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለፋርሂያም» አለኝ። እስኪረጋገጥ ብቻ ነው አለ። እሺ ስለው እሺታ አይበቃኝም አለ። ወላሂ አልኩለት። ሁለት ወር ሙሉ ይህን ጠበቅሁ። ፋርሂያ ስትደውል ስልኩን አጠገቡ ሆኜ እይዝለትና የልጆቿን ስም በጆሮው አቀብለው ነበር። አንድ ቀን አቦ፣ አባቴ ማለቷ ነው፣ ለምን ቶሎ ቶሎ ስልኩን ይዘጋል ብላ ጠየቀችኝ። ጆሮው ደክሟል አልኳት።

ማክሰኞ ጥር 13 ቀን የሆነው እንደሚከተለው ነው። ሌላ ቀን ባለቤቴን ሱቅ ይዤው እሄዳለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር አድርጌለት እዚያ ይውላል። ማክሰኞ ጠዋት ግን ደክሞኛል፣ ልተኛ አለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሽርጡን እንዳገለደመ ተኝቶ ተውኩትና ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት ላይ ብቻዬን ወጣሁ። ሰው መምጣቱን ሳልጠብቅ፣ ስም ሳልጠራ፣ በራሴ እርምጃ ከሄድኩ ብዙ ጊዜዬ ነው። የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ ደረቁን አሸዋ አየሁ። የቆምኩት ያለ ምንም ምክንያት ነበር። ይህን የምናገረው ለሳጅኑ ስለሚጠቅም ሳይሆን ስለሚከብደኝ ነው።

በግቢያችን በር ላይ ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን አቶ ሚክዳድ ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪናውን ይዞ ይቀመጣል። ስወጣ ገዲ ከወጣ ደውልልኝ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለምን ቢለኝ ሕመሙን መንገር ሊኖርብኝ ነው። ደኅና ዋል ብዬው አለፍኩ።

ከቀኑ 6:30 ሰዓት ላይ ምሳ ይዤ ስመለስ ባለቤቴ ቤት ውስጥ አልነበረም። ሽርጡ አልጋው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ነጩ ሸሚዙና ጥቁር ሱሪው የሉም። ሚክዳድ መኪናውን ሸፍኖ ለምሳ ሄዶ ነበር። መስጊድ ፈለግሁት፣ ሾፌሮች የሚቀመጡበት ሻይ ቤት ፈለግሁት፣ ድልድዩ ሥር ወርጄ ፈለግሁት። ሰው ምን ጠፋሽ ሲለኝ ቁልፍ እል ነበር። ከቀኑ 8:10 ሰዓት ላይ ከፖሊስ ተደውሎ ባለቤቴ መልካ ጀብዱ ላይ የሰው ልጅ ይዞ እንደተገኘ ተነገረኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በዓይኔ ያየሁት ሳይሆን ከፖሊስና ከሕፃኗ እናት ከወ/ሮ ኑርቶ ዋርሳን የሰማሁት ነው። ባለቤቴ ድሮ ፋርሂያ ትማርበት ወደነበረው ትምህርት ቤት ሄዷል። ከቀኑ 6:00 ሰዓት ላይ ሕፃናቱ ሲለቀቁ በሩ ላይ ቆሞ ፋርሂያ ብሎ ጠርቷል። ሃሊሞ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷን ዛፉ ሥር ቆማ ትጠብቅ ነበር። እሷን እያየ ስለጠራ ሃሊሞ ነኝ አለችው። «ዛሬ ደግሞ ሃሊሞ ነሽ?» ብሎ ሳቀ። ልጅቷም ጨዋታ መሰላት። ቦርሳዋን ተቀብሎ ትከሻው ላይ አንጠለጠለና እናትሽ ምሳ አድርሳለች፣ እንሂድ አላት። ጥበቃው አያቷ መስሎት ነው ያሳለፋቸው። የመልካ ጀብዱ ሚኒባስ ውስጥ ሲገቡ ልጅቷ በግራ በኩል ልትቀመጥ ስትል፣ በዚያ በኩል ፀሐይ ይመታሻል ብሎ በቀኝ አስቀመጣት። ያን መንገድ ሠላሳ አራት ዓመት ነድቶበታል። በየትኛው ሰዓት ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ ያውቃል።

መልካ ጀብዱ ሲደርሱ ድሮ የተከራየነውን ቤት በር አንኳኳ። አሁን ሌላ ሰው ይኖርበታል። የከፈተችው ሴት ምን ፈለግህ ስትለው ኒምኮ የለችም? አላት። ደጋግሞ ሲጠይቃት ሴትዮዋ ልጅቷን አያትሽ ነው? አለቻት። ልጅቷ አይደለም አለች። ከዚያ በኋላ ሰው ተሰበሰበ። ባለቤቴ የልጅቷን እጅ ልቀቅ ሲባል አልለቅም አለ። ልጄን አልሰጥም ብሎ ነው። መቱት። ፖሊስ ደርሶ አስጣለው።

እኔ እዚህ ጣቢያ ስደርስ ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ቅንድቡ ላይ ተሰንጥቋል፣ ሸሚዙ ላይ ደም አለ። የሸሚዙ ቁልፎች ግን እስከ አንገቱ ድረስ ተቆልፈዋል። በዚያ ሰዓት ወደ ልቡ ተመልሷል፤ ዓይኑን አይቼ አውቄያለሁ። የት እንዳለ ያውቃል፤ እንዴት እንደመጣ ግን አያውቅም። ሳጅኑ እኔ በቆምኩበት ልጅቷን ለምን ወሰድካት ብሎ ጠየቀው። ባለቤቴ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ሳጅኑን አየ። «እያወቅሁ ነው የወሰድኳት» አለ። ለምን ሲባል፣ ፈልጌ ነው አለ። የሚረሳ መሆኑ ከሚታወቅበት ወንጀለኛ መባልን መረጠ። እኔም ገብቶኝ ሳለ ቃሉን ደግፌ ሐሰተኛውን ቃሌን ሰጠሁ። ያን ጊዜ ለእሱ ማድረግ የምችለው ሌላ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ዛሬ ረቡዕ ከጠዋቱ 2:30 ሰዓት ላይ የላሆህ ቂጣና ሻይ ይዤ መጣሁ። ፖሊሱ ባለቤቴን ከሌሎቹ እስረኞች ለይተው ለብቻው እንዳስቀመጡት ነገረኝ። ልጅ ወስዷል ስለተባለ ሊነኩት ይችላሉ ብለው ነው። ቁርሱን አስገብቼ ስወጣ ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት መንገዴን ዘጋችብኝ። የልጅቷ እናት ወ/ሮ ኑርቶ ነበረች። ትሰድበኛለች ወይም ትመታኛለች ብዬ ቆምኩ። አልሰደበችኝም። ዓይኗ አብጦ ነበር። የተናገረችኝ ይህ ነው፦ «ልጄን ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ምንም አልሆነችም ተብያለሁ። ግን ባልሽ ለምን እንደወሰዳት ካላወቅሁ ምንም አልሆነችም የሚለው አያስተኛኝም። አንቺ ሴት ነሽ። ምን ፈልጎ ነው?»

እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የማስበው ስለ ባለቤቴ ክብር ብቻ ነበር። ይህች ሴት ምን እያሰበች እንዳደረች አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ሕፃኗ ሐኪም ፊት እንድትቀርብ ያደረጋት የእኔ ዝምታ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ባሌ ልጅሽን የወሰዳት የራሱ ልጅ መስላው ነው፣ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሊያመጣት ነው አልኳት። ልጁ ስንት ዓመቷ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሠላሳ አንድ አልኳት። ወ/ሮ ኑርቶ ግድግዳውን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ዛፉ፣ ስለ ቦርሳውና ስለ ሚኒባሱ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው፤ ልጅቷ ለእናቷ እንደነገረቻት። ልጅቷ ሴትዮዋ አያትሽ ያለችውን ይዛ አያቴ መቼ ይመጣል እያለች እንደምትጠይቃትም ነገረችኝ። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ከጀመርኩ ለሳጅኑ መናገር የማልችል መስሎኝ ነው። ከዚያ ተነሥቼ ቃሌን ለማረም እንደምፈልግ አስታወቅሁ፤ ሳጅኑ ከቀኑ 7:30 ሰዓት ላይ ተቀበለኝ።

ከቀኑ 9:40 ሰዓት ላይ ለከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ቃሌን መስጠቴ ተቋረጠ። ሳጅኑ የሰው ዋስ ካገኘሽ መዝገቡ ዓቃቤ ሕግ ዘንድ እስኪታይ ድረስ ባለቤትሽ ቤቱ ሆኖ ሊጠብቅ ይችላል ስላለኝ ለጎረቤቴ ለአቶ ሚክዳድ ደወልኩለት። በስልክ ሁሉንም ነገርኩት። ከወላሂው በኋላ ከሳጅኑ ሌላ ስነግረው ሁለተኛው ሰው እሱ ነው፤ ወ/ሮ ኑርቶ የመጀመሪያዋ ናት። የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ መጣ። ለዋስትናው እሺ አለ። ቀጥሎ ግን ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እጁ ላይ ጠቀለለው። «ኤዶ፣ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። አዴር ወዴት ነው ስለው፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ነው አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ» አለኝ። ኤዶ ማለት በእኛ አክስት ማለት ነው፤ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። ከዚያ «በሩ ላይ እኮ ነው የምውለው» አለ። ይህን በቃሌ ላይ እንዲጻፍልኝ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ነግሬው ቢሆን ኖሮ ባለቤቴ ከግቢው በር አያልፍም ነበር። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ሳጅኑ ባለቤቴን በአግዳሚው ላይ እንዳነጋግረው ፈቀደልኝ። ቅንድቡ ተጠርጎ ፋሻ ተደርጎበታል። ቆሜ «ተናግሬዋለሁ» አልኩት። ምኑን አለኝ። የሐኪሟን ነገር፣ ሁሉንም፣ ለፖሊስም ለልጅቷ እናትም ለሚክዳድም አልኩት፤ ማታ ደግሞ ለፋርሂያ እነግራታለሁ አልኩት። ወለሉን አየ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ልጅቷ ፈርታ ነበር?» አለኝ።

«አልፈራችም። አያቴ መቼ ይመጣል እያለች ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «አንቺ ግን ደክሞሻል» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሞኛል ብዬው አላውቅም። እሱ ይሰማብኛል ብዬ ለራሴም አላልኩም። አዎ፣ ደክሞኛል አልኩት። አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። «እንግዲያው ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ትከሻው ትከሻዬን ነክቶኝ እንዲሁ ቆየን። ሚክዳድ ማዶ ቆሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና «ማንን ነው የምንጠብቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳጅኑን፣ ከዚያ ወደ ቤት እንሄዳለን አልኩት።

ወ/ሮ ኑርቶ ከእንግዲህ ብቻውን እንዳይወጣ ብቻ ቃል አስገብታኛለች፤ ገብቻለሁ። ጥር 20 ቀን ያለበት የሐኪም ቀጠሮ በዚህ ጉዳይ ምክንያት እንዳያልፈው አመለክታለሁ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ለፖሊስ ይዤ እቀርባለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ከቀኑ 11:15 ሰዓት ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። በሁለተኛው ገጽ ላይ ስለ ባለቤቴ «አእምሮውን የሳተ» ተብሎ የተጻፈው እኔ ያላልኩት ስለሆነ እንዲሰረዝ ጠይቄ፣ ተሰርዞ በምትኩ «የሚረሳ» ተብሎ ተጽፏል፤ በስርዙ ላይ ፈርሜበታለሁ። የቀረው ሁሉ እኔ እንደተናገርኩት የተጻፈ ነው። የትናንቱ ቃሌ ሐሰት ነበር፣ የዛሬው እውነት ነው፤ ይህንንም በማንኛውም ፍርድ ቤት ፊት ቀርቤ እደግመዋለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኒምኮ ዐብዱላሂ
ሲነበብ የሰማ፦ ሚክዳድ ዐብዲሰላም፣ ልብስ ሰፊ፣ ዋስ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን አብዲቃድር ቢሌ